ለልዋጭ ከመስጠትዎ በፊት፦ ከተጣለ ዕቃ የሚወለድ መንኮራኩር

እስቲ የቤትዎን መሳቢያዎች ያስታውሱ። የማይሠራ ሪሞት ኮንትሮል አለ። ገመዱ የተበጠሰ ቻርጀር፣ አንዱ ቁልፉ እምቢ ያለ ማውዝ፣ ክዳኑ ብቻ የቀረ ዲዮድራንት፣ ቀለሙ ያለቀ ስክሪፕቶ፣ ጎማ የሌለው የልጆች መኪና። «አንድ ቀን ይጠቅማል» እየተባለ አንድ ካርቶን ሞልቷል። ከዚያ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከደጅ «ልዋጭ!» የሚል ድምፅ ይሰማና ካርቶኑ በሙሉ በአንድ የፕላስቲክ ሳህን ይለወጣል።

ሳህኑ ጥሩ ነው፤ አንቃወምም። ነገር ግን ያ ካርቶን ከበር ከመውጣቱ በፊት ለአንድ ሰዓት ያህል ጠረጴዛ ላይ ይዘርግፉት። እርስዎም ልጆችዎም በፊልም ያያችኋቸው፣ ከተማ የሚያክሉ የሚመስሉ መንኮራኩሮች ብዙዎቹ የተወለዱት ከዚህ ብዙም ከማይለይ ካርቶን ነው።

ግድግዳው ላይ ያለው ሎሚ መጭመቂያ

እ.ኤ.አ. በ1965 በእንግሊዝ ቴሌቪዥን «ተንደርበርድስ» የተባለ ተከታታይ ፊልም መታየት ጀመረ። ተዋንያኑ በክር የሚንቀሳቀሱ አሻንጉሊቶች ናቸው፤ ሮኬቶቹና የነፍስ አድን ተሽከርካሪዎቹ ደግሞ ትንንሽ ሞዴሎች። የልዩ ትዕይንት ሥራውን የሚመራው ዴሪክ ሜዲንግስ ነበር። በየሳምንቱ ለሚታየው ታሪክ አዲስ ተሽከርካሪ፣ አዲስ ፋብሪካ፣ አዲስ ድልድይ ያስፈልጋል፤ ጊዜውም ገንዘቡም አጭር ነው። ስለዚህ የሜዲንግስ ሰዎች ከመጫወቻ መደብር የሚገዙ የፕላስቲክ መገጣጠሚያ ሞዴሎችን እየፈቱ፣ የወጥ ቤት ዕቃም እየጨመሩ ይሠሩ ነበር። ተንደርበርድ 1 የተባለችው ሮኬት በምትነሣበት ስፍራ ግድግዳው ላይ የተገጠመ ከባድ ማሽን የሚመስል ነገር አለ። ሎሚ መጭመቂያ ነው። የፊልሙ ወዳጆች ይህን ካወቁ በኋላም ያቺ ሮኬት ስትነሣ ማመናቸውን አልተዉም።

ከዚያ ትልልቆቹ ፊልሞች መጡ። እ.ኤ.አ. በ1968 የስታንሊ ኩብሪክ «2001፦ ኤ ስፔስ ኦዲሲ» ወጣ፤ ዲስከቨሪ የተባለችው መንኮራኩር ትልቁ ሞዴል 16 ሜትር ገደማ ይረዝም ነበር፤ ቆዳዋ ላይ ያሉት ጥቃቅን ጉብታዎች ከመገጣጠሚያ ሞዴሎች የተወሰዱ ቁርጥራጮችንም ይዘዋል። በ1972 በወጣው «ሳይለንት ረኒንግ» ደግሞ 8 ሜትር ገደማ የምትረዝመውን መርከብ ለማልበስ በመቶ የሚቆጠሩ የጀርመን ታንክ ሞዴሎች ተፈትተዋል። አስቡት፤ ታንክ ሆነው እንዲገጣጠሙ የተሠሩ ቁርጥራጮች ጫካ ተሸክማ ጠፈር ውስጥ የምትጓዝ መርከብ ሆኑ።

ሥራውን ዓለም ያወቀው ግን በ«ስታር ዋርስ» ነው። ጆርጅ ሉካስ በ1975 ካሊፎርኒያ፣ ቫን ናይስ በሚገኝ መጋዘን ውስጥ ኢንዱስትሪያል ላይት ኤንድ ማጂክ የተባለ ድርጅት አቋቋመ። በጆን ዳይክስትራ መሪነት የተሰበሰቡት አብዛኞቹ ወጣቶች ነበሩ። የታንክ፣ የጦር መርከብ፣ የአውሮፕላንና የውድድር መኪና ሞዴሎችን በብዛት እየገዙ ሣጥኑን ከፈቱ፤ በሣጥኑ ላይ የተሣለውን ግን አልሠሩም። የታንኩን የጎማ ክንድ ከአውሮፕላኑ ሞተር፣ የመርከቡን መድፍ መቀመጫ ከመኪናው ጭስ ማውጫ ጋር አጋቡ። ፊልሙ በ1977 ታየ፤ በማግስቱ ዓመት በልዩ ትዕይንት ዘርፍ የኦስካር ሽልማት ወሰደ።

ይህ አሠራር ዛሬ «ኪትባሺንግ» ይባላል፤ በአማርኛ «ፈትቶ መቀላቀል» ብንለው አያጣላም። ከባዶ ተነሥቶ፣ ከፕላስቲክ ሉህና ከወዳደቀ ዕቃ መሥራት ደግሞ «ስክራች ቢልዲንግ» ነው። መንኮራኩሯ ላይ የሚለጠፉት፣ ምን እንደሚሠሩ ማንም የማያውቃቸው ግን ያለ እነሱ የማታምረው ጥቃቅን ነገሮች «ግሪብሊ» የሚል የቀልድ ስም አላቸው። ሦስቱን ቃላት ልጅዎ ከእርስዎ ቀድሞ ይይዛቸዋል፤ አይቅኑ።

ከሞዴል ክፍሉ ውጭም ነገሩ ያው ነበር። የዚያው ፊልም መቼት አስዋቢ ሮጀር ክሪስቲያን እንግሊዝ ውስጥ የተጣለ የአውሮፕላን ብረት እየገዛ የመንኮራኩሮቹን የውስጥ ግድግዳ አለበሰበት። በዓለም ላይ እጅግ የታወቀውን የብርሃን ሰይፍ የሠራው ደግሞ «ግራፍሌክስ» ከተባለ የድሮ የፎቶግራፍ ካሜራ ፍላሽ እጀታ ነው። ለመያዣ ጥቁር የፕላስቲክ ዘንጎች ለጠፈበት፤ ከካልኩሌተር የወጣ የቁጥር ማጉያም ጨመረበት። አለቀ። ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በ1999 በወጣው ክፍል ላይ አንዱ ጀግና የሚነጋገርበት የጠፈር ራዲዮ መልኩ የመጣው ከሴቶች መላጫ እጀታ ነው። እጀታውን አንዴ ካወቁት በኋላ ፊልሙን ያለ ፈገግታ ማየት ያስቸግራል።

ትንሿ ትልቅ፣ ትልቋ ትንሽ

ለመሆኑ ለምን ያሳምነናል? ዓይናችን ሎሚ መጭመቂያን ያውቃል፤ ለምን ይታለላል?

አንዱ መልስ ስለ መጠን ነው። የማናውቀውን ትልቅ ነገር የምንለካው በምናውቀው ትንሽ ነገር ነው። ፎቅ ትልቅ መሆኑን የሚነግረን መስኮቱና በሩ ነው። ለስላሳ የሻምፑ ጠርሙስ ቢቀባም ቢኳልም የሻምፑ ጠርሙስ ነው። ጎኑ ላይ የጤፍ ፍሬን የምታህሉ መስኮቶች ሲነጠቡለት፣ የሩዝ ፍሬ የምታህል በር ስትገባለት፣ ከበሯ ሥር ጥርስ ያለው የፕላስቲክ ኬብል ማሰሪያ እንደ መሰላል ሲለጠፍ ግን ዓይን ሳያስበው ሒሳብ ይሠራል፦ «ሰው በዚህ የሚገባ ከሆነ ይህ ነገር ሰማይ ጠቀስ ነው።»

የ«ስታር ዋርስ» መክፈቻ ይህን በሚገባ ያሳያል። አንዲት ትንሽ መርከብ ትሸሻለች፤ ከኋላዋ ማለቂያ የሌላት የምትመስል ግዙፍ የጦር መርከብ ከስክሪኑ አናት ትመጣለች። በታሪኩ ውስጥ ይህች ግዙፍ መርከብ 1,600 ሜትር ትረዝማለች። ሞዴሏ ግን 91 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነበር። የምትሸሸው «ትንሽ» መርከብ ሞዴል የእርሷን እጥፍ ገደማ ይረዝም ነበር። ትልቅነት ያለው ሞዴሉ ላይ ሳይሆን በሞዴሉ ላይ ባለው ጥቃቅን ሥራና በካሜራው አካሄድ ላይ ነው።

ሁለተኛው መልስ ለእኔ ይበልጣል። ከራሳችን ጭንቅላት ብቻ «የወደፊት ማሽን» ስንሥል የምንሥለው ጌጥ ነው። ከፕሪንተር ሆድ የወጣ ቁራጭ ግን ጌጥ የለውም። ጉብታው ብሎን ለመያዝ ነው፤ ጎድጓዳው ሽቦ ለማሳለፍ ነው፤ ጀርባው ላይ ያሉት መስመሮች ፕላስቲኩ እንዳይጎብጥ ነው። አንድ መሐንዲስ ለእያንዳንዱ ምክንያት ነበረው። እኛ ምክንያቱን አናውቀውም፤ ምክንያት መኖሩን ግን ዓይናችን ያውቃል። ሥራ የሠራ ዕቃ ሌላ ዕቃ ሆኖም የሥራ መልክ አይለቀውም።

እዚህ ላይ ከሙያዬ አንድ ነገር ጣል ላድርግ። ሥራዬ ማርኬቲንግ ነው፤ ስለ ማሸጊያ በሚደረግ ስብሰባ ላይ ተቀምጬ አውቃለሁ። የአንድ ክዳን ጠርዝ ምን ያህል ይጠጋጋ፣ ጣት የሚይዝባቸው መስመሮች ስንት ይሁኑ እየተባለ ቀናት ያልፋሉ። ፕላስቲኩ የሚፈስበት ሻጋታ ራሱ ብዙ ገንዘብ የሚወጣበት ነው። ያ ሁሉ ድካም መደርደሪያ ላይ ዓይን ስቦ፣ ገዢ ቤት ሁለት ወር ቆይቶ ይጣላል። ስለዚህ እጅዎ ላይ ያለው የዲዮድራንት ክዳን በነፃ የመጣልዎ ውድ ንድፍ ነው።

የሽቦ መኪናው የት ሄደ?

ይህ ጨዋታ ለእኛ ባዕድ አይደለም። ሽቦ ጠምዝዞ፣ ቆርኪ ጎማ አድርጎ፣ ረጅም መሪ አበጅቶ ሰፈሩን እያዞረ የነዳ ልጅ ሁሉ ስክራች ቢልደር ነበር፤ ስሙን አልሰማውም እንጂ። መርካቶ ምናለሽ ተራ ለሄደ ሰው ደግሞ ማብራሪያ አያሻውም። በርሜል ምድጃ ይሆናል፤ የዘይት ቆርቆሮ ሌላ ነገር ይሆናል፤ አንድ ዕቃ አንድ ሕይወት ብቻ አለው ብሎ የሚያምን እዚያ የለም።

በፊልምም ቢሆን ቦታ አለን። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣውና ስፔናዊው ሚጌል ያንሶ ኢትዮጵያ ውስጥ የሠራው «ክራምብስ» ዳንኤል ታደሰና ሰላም ተስፋዬ የተወኑበት የሳይንስ ልብ ወለድ ፊልም ነው። ዓለም ካለቀች በኋላ ነው ታሪኩ፤ ሰማይ ላይ አንዲት ያረጀች መንኮራኩር ተንጠልጥላለች፤ የእኛ ዘመን ተራ የፕላስቲክ አሻንጉሊትና የሙዚቃ ሸክላ እንደ ውድ ቅርስ ይገመታሉ። ለትንንሽ ልጆች የሚሆን ፊልም አይደለም፤ እርስዎ ግን ይዩት።

እንግዲህ እኛ መካከለኛ ገቢ ያለን የከተማ ወላጆች አንድ ነገር ያጠፋን ይመስለኛል። ለልጆቻችን በባትሪ የሚሄድ መኪና ገዛንላቸው፤ ወዲያውም «እንዳትፈታው!» አልን። መኪናው በሁለተኛው ሳምንት ይቆማል፤ ልጁ ለምን እንደቆመ ሳያውቅ ቁም ሳጥን ላይ ይወጣል። ሽቦውን የጠመዘዘው ልጅ መኪናው ሲጎብጥ ያቀናው ነበር፤ የገዛንለት ልጅ ግን ሌላ መኪና ይጠይቀናል። ልጁ ሰነፍ ሆኖ አይደለም። ዕቃ የሚከፈት ነገር መሆኑን ያሳየው ሰው ስላልነበረ ነው። ካቻቪቴ ይዞ የሞተ ማውዝ የከፈተ የአሥር ዓመት ልጅ ፊት ላይ የሚታየውን ነገር በታብሌት ጨዋታ አያገኙትም።

ይህ ሥራ የከተማችንን ቆሻሻ ያስወግዳል ብዬ ግን አልሸነግልዎትም። ከአንድ ካርቶን ዕቃ ሞዴሏ ላይ የሚወጣው እፍኝ ነው፤ ቀሪው አሁንም ለቁራሌው ነው።

ጠረጴዛው ላይ ምን ይዘርገፍ?

ፕሪንተር ካገኙ ሀብታም ሆኑ። ጥርሳ ጥርሶች፣ ዘንጎች፣ ጎድንማ ቁርጥራጮች ሞልተውታል። ከዚያ በታች ያለው ሹመት የኪቦርድ ነው፤ ቁልፎቹ ተነቅለው ሲገለበጡ ሆዳቸው የሞተር ክፍል ይመስላል። የሪሞት ኮንትሮሉን የላስቲክ ቁልፎች ሉህ ሳይቆርጡ ያውጡት፤ ግራጫ ሲቀባ ከዳር እስከ ዳር የተደረደሩ የጭነት በሮች ይሆናል። የስክሪፕቶ ቀፎ ቱቦ ነው፤ ስፕሪንጉ ተጣጣፊ ጎማ ነው፤ የጥርስ ሳሙና ክዳን የሮኬት አፍ ነው። የክኒን ማሸጊያ፣ ባዶና የታጠበ ከሆነ፣ ግልጽ የአብራሪ ጉልላት ይወጣዋል። የተበጠሰ የጆሮ ማዳመጫ ገመድ አይጣል።

ሁሉንም ነገር ጥንድ ጥንድ አድርገው ያስቀምጡ። መንኮራኩር እንደ ወፍ ነው፤ ግራው ያለው ቀኙም አለው። ለዚህ ነው ልምድ ያላቸው ሰዎች ያማረ ክዳን ሲያዩ «ሌላው የት አለ?» የሚሉት።

ሙጫ ላይ ብዙ ሰው ተስፋ ይቆርጣል፤ ምክንያቱ ግን አንድ ነው። ፕላስቲክ ሁሉ አንድ አይደለም። ዕቃውን ገልብጠው በቀስቶች የተሠራች ትንሽ ሦስት ማዕዘን ውስጥ ያለውን ቁጥር ያንብቡ። 2 እና 5 ከሆነ ሱፐር ግሉ በደንብ አይዘውም፤ ቀለምም ይላጥበታል፤ አብዛኛው የጠርሙስ ክዳን ከእነዚህ ነው። እንዲህ ያለውን በብርጭቆ ወረቀት ሻካራ አድርገው፣ በቀጭን ሽቦ ወይም በብሎን ያስሩት። 6 ከሆነ በቀላሉ ይጣበቃል። የማውዝ፣ የኪቦርድና የሪሞት ቀፎ ብዙ ጊዜ ኤቢኤስ ከሚባለው ፕላስቲክ ነው፤ እርሱም ለሙጫና ለቀለም ይመቻል። ነጩ የቴሌቪዥን ካርቶን ውስጥ የሚመጣው ስፖንጅ መሰል ማሸጊያ ግን ሱፐር ግሉም ስፕሬይ ቀለምም ያቀልጠዋል፤ ለመሠረት አይምረጡት።

መጀመሪያ ላይ ከማውዝ የተሻለ ነገር አላውቅም። ባትሪ ካለው ያውጡ፤ ከሥሩ ያሉትን ለስላሳ ተለጣፊዎች ላጥ ያድርጉ፣ ብሎኖቹ ብዙ ጊዜ እዚያ ተደብቀዋል። ውስጡን ባዶ አድርገው ቀፎውን መልሰው ይግጠሙት። አሁን ገልብጠው፣ አዙረው፣ አቁመው ይዩት፤ አፍንጫው የቱ ነው? ይህን ልጁ ይወስን። ሁለት ክዳኖች ከኋላ ሞተር፣ ሁለት የስክሪፕቶ ቀፎዎች ከጎን የነዳጅ ቱቦ፣ የክኒን ማሸጊያው ከፊት መስኮት። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ያልተቀባች መንኮራኩር አለችዎት፤ አስቀያሚ ነች፤ መሆንም ያለባት እንደዚያ ነው።

ከዚያ ጥቃቅኑ ይመጣል፤ ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳተውም እዚህ ነው፤ ያለውን ሁሉ በየቦታው እኩል ይለጥፋል። የሐበሻ ቀሚስን ያስቡ። ጥለቱ የሚያምረው ነጩ ሰፊ ስለሆነ ነው። ጥቃቅኑን ሞተሩ አካባቢ፣ መጋጠሚያው ላይ፣ በሆዷ መስመር ያጭቁት፤ ጀርባዋን ባዶ ይተዉላት። ቱቦ ሁሉ ደግሞ ከአንድ ቦታ ተነሥቶ አንድ ቦታ ይድረስ። «ይህ ቱቦ ምን ይዞ ነው የሚሄደው? ነዳጁ የት ነው? ሹፌሩ የት ይተኛል? ሽንት ቤቱስ?» ብለው ይጠይቁ። የሰባት ዓመት ልጅ ለአንድ ቱቦ የሚሰጠው መልስ ከቱቦው ይረዝማል፤ የአሥራ አምስት ዓመቱ ደግሞ ትከሻውን ነቅንቆ ዝም ይልና ማታ ብቻውን መጥቶ ሽንት ቤቱን ይሠራል።

ስማቸውን የሚሰርዘው ቀለም

ተአምሩ ያለው እዚህ ነው። እስካሁን ማውዝ፣ ክዳንና ስክሪፕቶ የሚታዩበት ነገር አንድ ወጥ ግራጫ ሲቀባ የዕቃዎቹ ስም ሁሉ ይጠፋል። በሳሙና አጥበው በደንብ ያድርቁት። ከቤት ውጭ፣ ነፋስ በሌለበት ሰዓት፣ ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ርቀው፣ የማያብረቀርቅ ግራጫ ስፕሬይ በስሱ ደጋግመው ይንፉበት። አንዴ አወፍራለሁ ካሉ ይንጠባጠባል፤ ጥቃቅኑንም ይውጠዋል።

ሲደርቅ አዲስ ነች፤ አዲስ መሆኗም ችግር ነው። ጆርጅ ሉካስ መርከቦቹ ያረጁ፣ የተላላጡ፣ ዘይት የነካቸው እንዲሆኑ ይፈልግ ነበር፤ የ«ስታር ዋርስ» ዓለም ሰው የኖረበት የሚመስለውም ለዚህ ነው። እርስዎ ለዚህ ትምህርት ፊልም አያስፈልግዎትም፤ መንገድ ሲዘጋ ከፊትዎ የቆመውን አይሱዙ ወይም ሲኖትራክ ያጥኑ። ጭቃው የሚወጣው ከጎማው ወደ ኋላ ነው። ጥላሸቱ ያለው ጭስ ማውጫው ጫፍ ላይ ነው። ቀለሙ የሚላጠው እጅ በሚነካው በር፣ እግር በሚረግጠው ደረጃ ላይ ነው። ልጆቹን በመኪና ይዘው ሲሄዱ ይህን አብራችሁ ብትቆጥሩ ትራፊኩም ያጥራል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ጥቁርና ቡናማ የአክሪሊክ ቀለም በብዙ ውኃ ያቅጥኑ፤ አንድ ጠብታ የዕቃ ሳሙና ይጨምሩ፤ በብሩሽ ሁሉ ላይ ያዳርሱና በጨርቅ ይጥረጉት። ጎድጓዳው ውስጥ የቀረው ቀለም የዓመታት እድፍ ይሆናል። ከዚያ ብሩሹን ነጣ ያለ ግራጫ ነክረው ወረቀት ላይ ሊደርቅ እስኪል ይጥረጉትና ጉብ ጉብ ያሉትን ጫፎች ብቻ ይዳብሱ፤ ጫፎቹ ብርሃን የመታቸው ይመስላሉ። አንዳንድ ቦታ በፕላስተር ከልለው ትንሽ የተለየ ግራጫ ቢቀቡ ቆርቆሮው የተጠጋገነ ይሆናል። እዚህ ላይ አገርዎን ማስገባትም ይችላሉ። ሰማያዊና ነጭ ብቻ ይቀቧትና ማንም የአዲስ አበባ ሰው ሳይነግሩት «የጠፈር ላዳ!» ይላል። ባለ ሦስት እግሯ የማርስ ባጃጅም ጎማ አያስፈልጋትም።

የማይከፈቱት

ይህን ክፍል እባክዎ አይዝለሉት። የስልክና የላፕቶፕ ባትሪ አይከፈት፣ አይወጋ፣ አይቆረጥ፤ ያበጠ ከሆነ ጭራሽ አይነካ። ከኋላው ሆድ ያለው የድሮ ቴሌቪዥን፣ ማይክሮዌቭ፣ የኮምፒውተር ፓወር ሳፕላይና የቻርጀር ራስ ከሶኬት ከተነቀሉ በኋላም ኤሌክትሪክ ይዘው ሊቆዩ ስለሚችሉ አይፈቱ። ረጃጅሙና ጥምዝምዙ ኃይል ቆጣቢ አምፖል ውስጡ ሜርኩሪ አለ። የሌዘር ፕሪንተር የቀለም ዱቄት ሳንባ ይጎዳል፤ ካርትሪጁ እንደታሸገ ይወገድ። አረንጓዴው የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ደግሞ ብየዳው እርሳስ ሊኖረው ስለሚችል አይቆረጥ፣ አይፈገፈግ፤ ከሥራ በኋላ እጅ በሳሙና ይታጠብ።

ከተር የሚይዘው አዋቂ ነው። ሱፐር ግሉ መስኮት ተከፍቶ ነው የሚሠራው፤ ጥጥ ወይም የጥጥ ጨርቅ ላይ ከፈሰሰ ግሎ ሊያቃጥል ይችላል። ጣት ከጣት ከተጣበቀ አይጎትቱ፤ ለብ ባለ የሳሙና ውኃ ነክረው ቀስ እያሉ ያላቁት። ለትንንሾቹ ነጭ ኮላና ፕላስተር ይበቃቸዋል።

አባቶችን በሚመለከት

አንድ ሌላ አደጋም አለ፤ አባት። በሦስተኛው ቅዳሜ ልጁ ሶፋ ላይ ተቀምጦ ካርቱን ሲያይ አባትየው መነጽር አድርጎ ጠረጴዛው ላይ ካጎነበሰ ነገሩ እጅ ቀይሯል። መፍትሔው ሁለት ሞዴል መጀመር ነው፤ የእርስዎ የእርስዎ፣ የእርሱ የእርሱ። በእርሱ መርከብ ላይ ያለ ጠማማ ክንፍ አይቃና። ሲጠይቅዎት ይያዙለት፤ ካልጠየቀዎት የራስዎን ይለጥፉ።

ከባለቤትዎ ጋር የሚደረገው ውል ደግሞ ከሙጫው በፊት ይቅደም። አንድ ካርቶን ብቻ፤ ክዳኑ የሚዘጋ። ሲሞላ ለልዋጭ ይወጣል እንጂ ሁለተኛ ካርቶን አይጀመርም። ምግብ ጠረጴዛው ላይ ጋዜጣ ይነጠፋል፤ ከእራት በፊት ይነሣል። ከወጥ ቤት የሚወሰድ ዕቃ ሁሉ ባለቤቱ «ተሰብሯል» ብሎ የፈረመበት ይሁን። ሎሚ መጭመቂያውን ጨምሮ።

መርከቧ ስታልቅ መደርደሪያ ላይ ከመውጣቷ በፊት ፎቶ ይነሣላት። ጥቁር ጨርቅ ከኋላ ይስቀሉ፤ የክፍሉን መብራት አጥፍተው አንድ የእጅ ባትሪ ብቻ ከጎን ያብሩ፤ ጠፈር ውስጥ ብርሃን የሚመጣው ከአንድ ፀሐይ ነውና። ስልኩን ከላይ ወደ ታች አይያዙት፤ ከጠረጴዛው ጋር አስተካክለው፣ ከሆዷ ትንሽ ዝቅ አድርገው ያስጠጉት። ቪዲዮ ከሆነ መርከቧ አትንቀሳቀስ፤ የቫን ናይስ ልጆች እንዳደረጉት ስልኩ በጎኗ ቀስ ብሎ ይለፍ። ድምፁን ልጆቹ በአፋቸው ይጨምሩበታል።